ጎረቤት የዘለለ ሞገድ

ዝምታ የቴሌግራፍ ጣቢያውን ዳገት በሩጫ ወጣችው። ከሹራቧ አንዱን እጅጌ ብቻ አጥልቃ ሌላው ከኋላዋ ይወዛወዛል። ዘበኛው "ደህና አደርሽ?" ቢላት ራሷን ነቅነቅ አድርጋ አለፈችው። አማቷ ዳገቱ መሐል ቆመው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

"ሂጂ፣ እኔን አትጠብቂ" አሉ ከታች። "እኔ ብዘገይ ጉልበቴ ነው የሚዘገየው። አንቺ ብትዘገዪ ልጄ ነው የሚቀረው።"

እውነታቸውን ነበር። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ፣ ከተራሮቹ ወዲያ፣ የፖስታ መኪናው ፊቱን ወደዚህ ያዞራል። ከዚያ በኋላ ክረምቱ መንገዱን ይዘጋዋል። ባሏ መኪናው ላይ ከተሳፈረ ይመጣል፤ ካልተሳፈረ ለሌላ ሁለት ዓመት ፈርሟል ማለት ነው። የሚሳፈረው ደግሞ ከሷ አንድ ቃል ከሰማ ብቻ ነው። ቃሉን ልታደርስለት ስትታገል ሰንብታ አልሆነላትም።

ዝምታ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም፤ የጣቢያው ሰው ነው ያወጣላት። ዝም አይነቅዝም የተባለው ለሷ ነው እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ሰላምታ እንኳ ስትመልስ ከኪሷ የሚወጣባት ይመስል ቆጥባ ነው። በአፏ የቆጠበችውን ግን በእጇ ትመነዝረዋለች። የነሐሱን መምቻ ስትይዝ ሌላ ሰው ናት፤ የቴሌግራፉ ነጥብና ሰረዝ ከጣቶቿ ሥር እንደ ዶፍ ይወርዳል። የእጅ ጽሑፍ ከሰው ሰው እንደሚለይ ሁሉ የመምቻ ምትም ይለያል፤ የሷን ምት በአየር ላይ የሰማ ሠራተኛ ስሟን ሳይጠይቅ ያውቃታል። ከሁሉም አብልጦ የሚያውቃት ባሏ ነበር።

ባሏ የአየር ጠባይ ተመልካች ነው። ዝናብ ይሰፍራል፣ ነፋስ ይለካል፣ ደመና ያያል፤ ያየውንም በየቀኑ በራሱ መምቻ ወደዚህ ይልካል። ወደ ተራራው የተመደበ ዕለት ጓዙን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመና፣ "ቅር በይኝና ልቅር" አላት። "እንደ ወደድክ" አለችው። ልቧ እባክህ አትሂድ እያለ አፏ ያንን አለ። ባደገችበት ቤት የፈለጉትን ነገር ፈለግሁ ማለት ነውር ነበር፤ ልጅ ሁለተኛ ጉርሻ ቢያምረው እንኳ ሰው እስኪያይለት ይጠብቅ ነበር። እሷም አድጋ፣ አግብታ፣ ደመወዝ እየበላች፣ ሰው እስኪያይላት ትጠብቃለች። ባሏ "እሺ" ብሎ ሄደ። አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻላቸው ነበር።

ያም ሆኖ መልእክቱን በአየር የሚያስተላልፈው ረጅሙ ምሰሶ ቆሞ ሳለ ነገሩ ይቻል ነበር። ምሰሶው ከየትም ቢቆሙ የሚታይ፣ ነፋስ ሲነሳ የሚያቃስት የብረት ማማ ነው። ባሏ የዕለቱን ዝናብና ነፋስ ልኮ ሲጨርስ ደንቡ የማያውቃትን ሁለት ነጥብ ጣል ያደርጋል። እሷም ሁለት ነጥብ ትመልስለታለች። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ እናቴ እንዴት ናት፣ በረደኝ፤ ሁሉም በዚያች ውስጥ ነበር። እንዲህ ባለ ትዳር ላይ የሚስቅ ሰው ይስቅ። እሷ ግን ያቺን ይዛ ቤቷ ትገባና እስከ ማግስቱ ትኖርባት ነበር።

ከዚያ አዲሱ ማሽን መጣ። ያን ጊዜ በየቦታው ረጃጅሞቹ ምሰሶዎች እየወረዱ ለቁራጭ ብረት የሚሸጡበት፣ በምትካቸው ቁም ሳጥን የሚያህል ባለ አምፖል ማሽን የሚገባበት ዘመን ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው መሐንዲስ በሁለት አጫጭር እንጨቶች መካከል አንድ ቀጭን ሽቦ ወጠረና፣ "ይቺ፣ የቤት መብራት የሚበላውን ያህል ኃይል ብትሰጧት፣ ባሕር ታሻግራችኋለች" አለ። አልዋሸም። በዚያው ሰሞን፣ መርከብ ብዙ ሳምንት ተጉዞ ከሚደርስበት ዳርቻ፣ ሰማናችሁ የሚል መልስ መጣ። ለባሏም እንዲሁ ያለ ማሽን በመኪና ተላከለት። ከዚያ ወዲህ ግን ተራራው ጭጭ አለ።

የጣቢያው ሹም ሻምበል ነበሩ። ጦሩን ከለቀቁ ቆይተዋል፤ ማዕረጉ ግን አልለቀቃቸውም። ኮታቸውን በሙቀትም በብርድም እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይውላሉ። ተራራው ዝም ሲል በለመዱት ሄዱ። በረጅሙ ምሰሶ ዘመን፣ ካልተሰማህ ኃይል ጨምር ነበር ሕጉ። ጨመሩ። አሁንም ጨመሩ። አምፖሉ እንደ ፍም ቀልቶ ቀልቶ ጧ ብሎ ፈነዳ። ሌላ አስገቡና እንደገና ጨመሩ። የተራራው ሰው መልስ አልሰጥ ሲል፣ ወንድ ልጅ ተራራ ላይ ብቻውን ሲሆን እንቅልፍ ይለምዳል ማለት ጀመሩ።

በዚህ መሐል ነው የፖስታ መኪናው ሹፌር የባሏን ቃል ይዞ የወረደው። ዝምታ ያገኘችው መኪናው ወደ ላይ ሊመለስ ተጭኖ፣ በባሏ ምትክ የተመደበው ሰው ጋቢና ገብቶ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ከላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ነው።

"ባልሽ እንዲህ በላት ብሎኛል" አለ ሹፌሩ፣ ደብዳቤ ሲያድል ስም የሚጠራ ይመስል ጮክ ብሎ። "ምትክ ሰው ተመድቦልኛል። ለሁለት ዓመት ድገም ብለውም ጠይቀውኛል። ከሷ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አልሰማሁም። ና ካለችኝ እመጣለሁ። ዝም ካለችኝ ዝምታዋን መልስ አድርጌ እፈርማለሁ። ምን ልበለው?"

ላብ አጠመቃት። አንዲት ሴት ከመኪናው ላይ ፈገግ ብላ ታያታለች። "እንደ ወደደ በለው" አለችው።

መኪናው ጥጉን ሲታጠፍ ነው ምን እንዳለች የገባት። ጥቂት ሮጠች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ አቧራውን እያስነሳ ሄደ። መንገዱ ሦስት ቀን ነው፤ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው።

የመምቻው ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ፣ ግድግዳው ላይ የሚወዛወዝ ሰዓት፣ መስኮቱ ሥር አሲድ አሲድ የሚሸቱ ባትሪዎች። ሻምበል ቀድመዋት ገብተው ማሽኑን አሙቀውታል።

"ኃይሉን ጥግ አድርሼዋለሁ" አሉ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ሻምበል።"

"ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። የዝናብ ሪፖርት ተቋርጦብኛል። ባልሽ ዛሬም ካልመለሰ ቸልተኛ ነው ብዬ ልጽፍበት ነው።"

ተቀምጣ ጠራችው። ትጠራለች፣ ታቆማለች፣ ታዳምጣለች። ከማዳመጫው የሚመጣው በዘይት ላይ እንደሚጠበስ ነገር የሚንጣጣ ድምፅ ብቻ ነው። ሰው የናፈቀውን ሰው ሲያስብ መልኩን ያስባል ይባላል፤ ዝምታ የምታስበው ግን የባሏን ምት ነበር። ሰረዙን ትንሽ ጎተት ያደርጋታል፣ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው። ናፍቆቱ የያዛት ጆሮዋ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የቧንቧ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ብድግ ትላለች፤ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ፊደል እየለየች ታነባለች፤ ምንም አይልም። አማቷ ይህን አይተው፣ "አንቺ ልጅ፣ ጣሪያው ምን አለሽ?" ይሏታል። እሳቸውም ናፍቋቸዋል፤ የሳቸው ናፍቆት ግን አፍ ስላለው ይቀልላል።

አሁንም በሩ ላይ ደርሰው አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። "መለሰ?"

"አልመለሰም፣ እማማ።"

"ጮክ ብለሽ ጥሪው እንጂ።"

"በዚህ አይጮኽም፣ እማማ።"

"ታዲያ ማን ይሰማሻል?"

ደግማ ጠርታ እንደጨረሰች ሌላ ምት ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ሰረዙ ላይ የሚያነክስ ምት ነው፤ ይረዝማል፣ ቆም ይላል፣ ከዚያ የጣለውን እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ብሎ ይቀጥላል። ከባሕር ማዶ ያለው ጣቢያ ነው። እዚህ ያሉ ሠራተኞች "አንካሳው" ብለውታል። ፊቱን ያየው የለም፤ ከማለዳ የመርከብ ወሬ በቀርም ተነጋግረው አያውቁም።

"እባካችሁ ጆሮዬን ማሩኝ" አለ አንካሳው። "ይኸው ስንት ጊዜ፣ እናንተ እሱን ትጠራላችሁ፣ እሱ እናንተን ይጠራል። በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ደንቆሮ ናችሁ?"

ፈጥና መታች። "ማነው የሚጠራን?"

"የተራራው ሰው ነዋ። አሁንም እየጠራ ነው። እናንተ ጎረቤቱ ሆናችሁ አትሰሙትም?"

ሻምበል ሁለተኛውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ኖሮ ሁሉንም ሰሙ። አወለቁት፤ ኮርኒሱን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መሐንዲሱ ነግሮኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ማሽኑን ተክሎ ሲሄድ፣ ሩቁ ይሰማችኋል፣ ጎረቤታችሁ ግን ላይሰማችሁ ይችላል ብሎኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁለት። እሱም ሲያየኝ ሳቀ።"

"እንዴት ነው ጎረቤት የማይሰማው?"

ሻምበል ከጠረጴዛው ላይ አሮጌ ወረቀት አንስተው በመዳፋቸው ጨፍልቀው ድቡልቡል አደረጉት። "የድሮው ማሽን ሞገድ ረጅም ነበር አለኝ። መሬት መሬቱን ይዞ፣ ተራራውን እየታከከ ይደርሳል። የዚህኛው አጭር ነው፤ መሬት ለመሬት ጥቂት ሄዶ ይደክምና ይሞታል። ሩቅ የሚደርሰው ወደ ሰማይ የወጣው ነው። እላይ፣ ደመና ከሚደርስበት እጅግ አልፎ፣ ፀሐይ ያጋለችው የአየር ጣሪያ አለ። ከዚያ ነጥሮ ይመለሳል።" ወረቀቱን በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ ወረወሩት፤ ነጥሮ አማቷ እግር ሥር ወደቀ። "እዚያ የወደቀበት አንካሳው ያለበት ነው። ባልሽ ያለው እዚህ መሐል ላይ ነው። በራሱ ላይ አልፎት ሄደ። የሱም ባንቺ ራስ ላይ ያልፋል። እኛ ኃይል በጨመርን ቁጥር ሩቅ ያለው ይደነቁራል እንጂ መሐል ላይ ላለው ምንም አይደርሰውም።"

አማቷ የወረቀቱን ድቡልቡል አንስተው እያገላበጡ አዩት። "ይሄ ነገር ፈጣን ነው ትሉ የለም ወይ?"

"እንደሱ ያለ የለም፣ እናቴ። እሱና ብርሃን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ይታያል፣ ሌላው አይታይም እንጂ ፍጥነታቸው አንድ ነው። እርስዎ ‘አንድ’ ብለው ሳይጨርሱ ምድርን ሰባት ጊዜ ሊዞራት ይችላል።"

"ሰባት ጊዜ ዞሮ ጎረቤት መግባት ካቃተው ምኑን ፈጠነ?" አሉ አማቷ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ነው ያደግሁት። ይሄ ተረቱንም ገለበጠው።"

ዝምታ ሁለቱንም አልሰማቻቸውም። እየጠራት ነበር። በየቀኑ። እሷ በተቀመጠችበት ሰዓት እሱም ተቀምጦ፣ እሷ ኃይል ስትጨምር እሱም በለመደው ልማድ እየጨመረ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እየመቱ፣ የሷ ቃል በሱ ራስ ላይ፣ የሱ ቃል በሷ ራስ ላይ አልፈው አንድ የማያውቃቸው ሰው ጆሮ ውስጥ ሲገናኙ ሰንብተዋል። ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ሰዓቱን አየች። ረፋዱ እየገፋ ነው፤ ሹፌሩ ምናልባት ደርሶ ጭነት እያወረደ ይሆናል።

"አንካሳው ይንገርልን" አለች።

"ይንገርልን እንጂ" አሉ ሻምበል። እርሳስ አወጡና ጻፉ። "እንዲህ እንበል፤ ተመልካቹ ሥራውን ለምትኩ አስረክቦ በዛሬው መኪና ይመለስ። በኔ ስም ይሂድ። የግል ወሬ በመንግሥት አየር ላይ አይወጣም፤ ይሄ ግን የሥራ ነው። ያንቺ ስምም አይነሳ።"

ደግነት ነበር። አለቃም ቢሆኑ የሰው ላብ ያያሉ። ወረቀቱን ተቀበለች፤ እጇን መምቻው ላይ አደረገች፤ እጇ እዚያው ቀረ።

"ምነው?"

"ትእዛዝ አልጠየቀም፣ ሻምበል።"

"እና ምን ጠየቀ?"

"እኔን ነው የጠየቀው።" ድምፅዋ ቀጠነ። "ደግሞ በአንካሳው ምት ነው የሚሰማው። እኔ መሆኔን በምን ያውቃል?"

"እናንተ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን ንገሪው" አሉ አማቷ።

ያ ነው የከበዳት። ባልና ሚስት ብቻ የሚያውቁት ነገር ሞልቷል፤ አየር ላይ የሚወጣው ግን የትኛው ነው? ይህን ሞገድ አንካሳው ብቻ አይደለም የሚሰማው። መርከብ ላይ፣ ወደብ ላይ፣ በየዳርቻው ማዳመጫ ያጠለቀ ሠራተኛ ሁሉ ይሰማዋል። ሻምበልም አጠገቧ ተቀምጠው ምቱን በጆሯቸው ያነባሉ። በአንድ መኪና ተሳፋሪ ፊት ያልወጣት ቃል አሁን በባሕር ወዲህና ወዲያ ፊት ሊወጣ ነው። ሻምበል የጻፉትን አየች። ደህና ጽሑፍ ነበር፤ አጭር፣ ንጹሕ። አጥፋ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረችው።

"ለተራራው ሰው ቃል አድርስልኝ" አለችው አንካሳውን። "የግል ነው።"

"የማን?"

"የሚስቱ።"

አንካሳው ተገረመ። "ይሄ እጅ ያንቺ ነው እንዴ? እኔ ሁልጊዜ ጎረምሳ ይመስለኝ ነበር። በይ፣ እየሰማሁሽ ነው።"

እንደ ዶፍ የሚወርደው ምቷ ያን ዕለት እንደ ጠብታ ሆነ። እያንዳንዱን ፊደል ፈልጋ እያመጣች መታች።

"ሹፌሩ፣ እንደ ወደደ ብላሃለች ይልሃል። ሹፌሩ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስትሄድም ዋሽቼሃለሁ። ስታንኮራፋ በክርኔ ስጎሽምህ ኖሬ፣ አሁን ያለ ማንኮራፋትህ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። እፈልግሃለሁ። ና።"

ሻምበል ወደ መስኮቱ ዞሩ። አማቷ ኮታቸውን ጎተት አደረጉ። "ምን አለችው?"

"የግል ነው፣ እናቴ።"

"ልጄ ነው። ምን አለችው?"

ሻምበል አሳላቸው። "ያንኮራፋል አለች።"

"ማ? ልጄ?"

"ልጅዎ።"

"ልጄ አያንኮራፋም። አባቱ ነበር።"

አንካሳው መለሰ። "ድገሚው" አለ።

ላቧን በእጅጌዋ ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው። በሁለተኛው ጊዜ "እፈልግሃለሁ" የሚለው ላይ ምቷ እንደ ልማዱ ፈሰሰ።

"ሦስተኛ ብትይው ቅር አይለኝም" አለ አንካሳው።

"አልሰማህም?"

"በመጀመሪያውም ጥርት ብሎ ነው የገባኝ። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣም፤ የሚመጣው የመርከብና የዱቄት ጆንያ ወሬ ነው። ይቅር በይኝ። አሁን ልንገረው።"

ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው። አንካሳው ወደ ተራራው ሲመታ እዚህ ጥርት ብሎ ይሰማታል። የገዛ ቃሏ በሰው እጅ፣ እያነከሰ፣ አጠገቧ ሲያልፍ ሰማችው። ከሷ ተነስቶ ወደ ሰማይ፣ ከሰማይ ወደ ባሕር ማዶ፣ ከማዶ ተመልሶ ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ወደ ባሏ ጆሮ፤ መንገዱ ሁሉ ተደምሮ ዐይን እስኪርገበገብ እንኳ አይፈጅም። ሁለት ዓመት የፈጀው እሷ ዘንድ ነው፤ ከልቧ እስከ ጣቷ ባለው መንገድ ላይ። ይህን አሰበችና በራሷ አፈረች። ከዚያ ማፈሩም ሰለቻት።

"ሰማ?" አለች።

"ሰምቷል። ተቀብያለሁ ብሏል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም አላለም። ጸጥ ብሏል።"

ጠበቁ። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት በአየር ላይ የሚርመሰመሰው የመርከብ ጥሪ ቀስ በቀስ እየሳሳ መጣ። አንዱ ቆመ፣ ሌላው ቆመ። ከወዴት እንደሆነ ያልታወቀ፣ ፈጣን፣ የወጣት ምት ጣልቃ ገብቶ፣ "መለሰላት?" አለ። አንካሳው፣ "ዝም በሉ፣ እያዳመጥኩ ነው" አለው። ዝምታ ይህን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን ማዳመጫውን አላወለቀችም።

ሰዓቱ ወደ እኩለ ቀን ተጠጋ። ሻምበል፣ ማንም አይቷቸው በማያውቅ አኳኋን፣ የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። አማቷ የወረቀቱን ድቡልቡል በመዳፋቸው ውስጥ ያሻሉ። የሰው ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ዝምታ ያን ጊዜ አወቀችው። ባሏ በሩ ላይ ጓዙን ይዞ ቆሞ የጠበቀው ይሄንን ነበር። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይሆናል። ወይም ብዕሩን አንስቶ፣ ዘግይታ ነው የነገረችኝ ብሎ፣ ፈርሞ ይሆናል። ቢፈርም አትፈርድበትም። ግን ይምጣ፤ አምላኬ፣ እባክህ ይምጣ።

አንካሳው ጠራት። "የተራራው ጣቢያ እየጠራሽ ነው።"

"ምን ይላል?"

"ምን እንደሚል እግዜር ይወቅ። ነጥቡን ሰረዝ፣ ሰረዙን ነጥብ ያደርገዋል። ሌላ እጅ ነው።"

"ሌላ እጅ?"

"ሌላ። ያንቺ ሰውዬ አይደለም። ገና ያልተገራ እጅ። ቆይ... የዝናብ ልክ ነው የሚልከው። የዛሬ ዝናብ፣ የዛሬ ነፋስ። ሰውዬውን የት አደረስከው ብዬ ብጠይቀው አሁንም ዝናብ ይልክልኛል። በይ እንግዲህ፣ ከዚህ በኋላ የምሠቃየው እኔ ነኝ።"

ዝምታ እጇን ከመምቻው ላይ አነሳች። እንባዋ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ።

"ምን አለ?" አሉ አማቷ ከአግዳሚው ተነስተው።

"ምንም አላለም፣ እማማ።"

"ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?"

"ከወንበሩ ተነስቷል። ምትኩ ነው መምቻውን የያዘው። መኪናው ላይ ነው፣ እማማ። እየመጣ ነው።"

አማቷ ተመልሰው ተቀመጡና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ሻምበል፣ "ሪፖርቱን ተቀበይ እንጂ፤ ዝናቡ እየቆየን ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ግን የአለቃ አልነበረም። ተቀበለች። በአንካሳው በኩል የመጣውን የሩቅ ዝናብ ፊደል በፊደል ጻፈችው።

ጽፋ ስትጨርስ አፏ ውስጥ ነገር ሞላ። እንዴት እንደከረመች፣ ምሰሶውን ሲጥሉት እንዴት እንዳለቀሰች፣ እናቱ ማታ ማታ ስሙን እየጠሩ በር እንደሚዘጉ፤ ሁሉንም አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ልትነግረው ፈለገች። እጇ ወደ መምቻው ሄዶ ተመለሰ። ባሏ ከማሽን ርቆ፣ በአንድ የፖስታ መኪና ላይ፣ በደብዳቤ ከረጢቶች መካከል ተቀምጧል፤ የፈለገውን ያህል ፈጣን ሞገድ ቢነሳ የሚሰማበት ጆሮ ይዞ አይደለም። ሦስት ቀን ምንም ልትለው አትችልም። ወንበሯን መንገዱ ወደሚታይበት መስኮት አዞረችና ተቀመጠች።